የውሻው መፈሰኪያ

ደብረ ታቦር ተከራይቼ በኖርሁበት ግቢ አንድ ውሻ ነበር። ስምም ነበረው። ነገር ግን በእኛ አገር ሰው ለውሻው ስም ሲያወጣ ለጎረቤቱ ሊናገረው ፈልጎ ያልደፈረውን ነው የሚያወጣለት። ያ ጎረቤት ዛሬም በሕይወት ስላለ ስሙን አልጽፈውም። ውሻው በተጠራ ቁጥር መንደሩ ይስቅ እንደነበር ግን መመስከር እችላለሁ።

የውሻው ባለቤት አከራዬ ነበሩ። ሚስታቸው የሞተችባቸው፣ ልጆቻቸው ሁሉ ወደ ሌላ ከተማ የሄዱባቸው አዛውንት መሪጌታ ናቸው። መንደሩ «የኔታ» ይላቸዋል፤ እኔም እንደዚያው። ዜማ ማስተማሩን በዕድሜ ምክንያት ትተውታል፤ ከኪዳንና ከቅዳሴ ግን አይቀሩም። ችግሩ ዓይናቸው መድከሙ ነው። ጎህ ሳይቀድ ከቤት ይወጣሉ፤ በባሕር ዛፉ መካከል ያለውን ቁልቁለት ይወርዳሉ፤ ጅረቱን ድንጋይ ለድንጋይ ይሻገራሉ፤ ከዚያ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚወስደውን አቀበት ይያያዙታል። ይህን ሁሉ የሚያደርጉት ውሻውን አስቀድመው ነው። ውሻው መልኩ የተቆላ ገብስ ይመስላል፤ የጅራቱ ጫፍ ብቻ ነጭ ነው። የኔታ በጨለማው የሚያዩት ያንን ነጭ ጫፍ ነው። ሲቆም ይቆማሉ፤ ሲሄድ ይሄዳሉ። ውሻ ቅጥር አይገባምና እሱ ከውጭው በር ተኝቶ ይጠብቃቸዋል፤ ቅዳሴ ሲወጣ አብረው ይመለሳሉ።

አንድ ጊዜ «ከቆሎ ተማሪዎቹ አንዱ ለምን አይመራዎትም?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ሰው ሲመራኝ ዕውር ነኝ» አሉኝ። «ውሻ ሲቀድመኝ ባለ ውሻ ነኝ።»

ነገሩ የተበላሸው በገና ማግስት ነው። ውሻው ከጎተራው ሥር ተኝቶ አልነሣ አለ። ያስመልሰዋል፤ ሆዱን ሲነኩት ያለቅሳል። የኔታ አጠገቡ ቁጭ ብለው ጆሮውን ያሻሹለታል። ባጃጅ ጠርቼ ወደ እንስሳት ክሊኒኩ ወሰድሁት። ባለ ባጃጁ መጀመሪያ አንገራገረ፤ የየኔታ ውሻ መሆኑን ሲያውቅ ግን የራሱን ጋቢ ከመቀመጫው ላይ አነጠፈለት።

ሐኪሙ ቀኑን ሙሉ በሬና በቅሎ ሲያክም የሚውል ወጣት ነው። ውሻ በሰው ታቅፎ ሲመጣ እምብዛም አላየም መሰለኝ፣ ደስ አለው። ሆዱን ዳሰሰ፤ አፉን ከፍቶ አየ፤ መርፌ ወጋው፤ ሌላም መድኃኒት አጠጣው። ከዚያ ዞሮ፣

«ገና ላይ ምን በላ?» አለኝ።

«ዶሮ።»

«አጥንቱን ነዋ። የበሰለ የዶሮ አጥንት ሲታኘክ እንደ ስንጥር ነው የሚሰነጠቀው፤ አንጀት ይወጋል። ከወጡ ጋር ደግሞ ሽንኩርቱም ነጭ ሽንኩርቱም አብሮ ገብቷል። እሱ የውሻን ደም ይጎዳል። ከስንት ቤት ነው የበላው?»

ይህን አላውቅም ነበርና ተመልሼ በየቤቱ ጠየቅሁ። ሁሉም ቤት የሰጠኝ መልስ አንድ ነው፤ «እኔ እንኳ ትንሽ ነው የሰጠሁት።» አንድም የዋሸ የለም። ውሻውን ለሞት ያደረሰው የሁሉም ትንሽ ተደምሮ ነው። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል፤ ይህኛው ከሁሉም ቤት ስለሚበላ ለሁሉም ቤት ይጮኽ ነበር። ጅብ ሲመጣ የማንን በግ ብሎ አይመርጥም። ሰዉ የሚወደውም ስለዚህ ነው።

ውሻው ዳነ። ሐኪሙ ግን ሲሸኘን «እንዲህ ያለ በዓል አንዴ ከደገመው አይተርፍም» አለኝ። ቃል በቃል ለየኔታ ነገርኋቸው። ማለዘብ አልወድም።

በዚያው ሳምንት ባሕር ዳር ያለችው ልጃቸው ደወለች። አባቷን ወደ ቤቷ ለመውሰድ ስትለምን ዓመታት አልፈዋል፤ ክፍል አዘጋጅታላቸው አልጋ ገዝታለች። ውሻው ታሞ እንደነበር ስትሰማ አጋጣሚውን ያዘች። «ውሻው ቢሞት በዚያ ጨለማ ማንን አስቀድመው ሊሄዱ ነው? ጅረቱ ውስጥ ወድቀው ልንሰማ ነው?» አለቻቸው። የኔታ ስልኩን ከጆሯቸው አራቅ አድርገው ይዘዋል። ድምፁ ለእኔም ይሰማል።

«እሱ እስካለ ድረስ እዚሁ ነኝ» አሏት በመጨረሻ። «እሱ ካለፈ እመጣለሁ።»

ቃላቸውን የሚያጥፉ ሰው አይደሉም። ስለዚህ ከዚያ ቀን ጀምሮ የኔታ በደብረ ታቦር መኖርና አለመኖራቸው በአንድ ውሻ ሆድ ላይ ተንጠለጠለ።

ሁዳዴ ሲገባ ሥጋትም የለም፤ በሰው ቤት ሥጋ የለማ። ውሻው እንደ ባለቤቱ ይጾማል። የሚበላው ደረቅ እንጀራ፣ ቅቅል ድንችና የገብስ ቂጣ ነው። ጠጉሩ አማረ፤ ሆዱ ተስተካከለ። መንደሩ ግን ይህን ሲያይ የጤናውን ነገር አላሰበም። «አይ ይኸ ፍጡር፣ ከየኔታ ጋር ኪዳን ያደርሳል፣ ከየኔታ ጋር ይጾማል» እያለ ያዝንለት ጀመር። እኔን ያስፈራኝ ይህ ሐዘን ነው። ሐዘኑ የሚፈነዳው በፋሲካ ዕለት መሆኑን አውቃለሁ። እንዲህ የጾመ ውሻ መፈሰክ አለበት፤ የሚፈስከው ደግሞ በዶሮ ነው።

ስለዚህ ቤት ለቤት መዞር ጀመርሁ። የመጀመሪያው በር የጠላ ሻጯ ጎረቤታችን በር ነው። ደርባባ ሴት ናት፤ ከእኔ በዕድሜ ትበልጣለች፤ ስትናገር እንደ ወንፊት አታስቀርም።

«እትየ፣ ለፋሲካ ለውሻው አጥንት እንዳይሰጡት ልለምንዎት ነው የመጣሁት» አልኋት።

«ምን ልስጠው ታዲያ? ድርቆሽ?»

«ሐኪሙ እኮ ነው…»

«የቱ ሐኪም? በሬዬን ያከመው?»

«አዎ።»

«በሬ አጥንት አይበላማ። በምን አወቀ?»

ሐኪሙ ያለውን አንድ በአንድ ደገምሁላት፤ የኔታ ለልጃቸው የገቡትን ቃልም ነገርኋት፤ እሷም ሙሉውን አዳመጠችኝ፤ ከዚያ «ይኸን ሁሉ ትምህርት ውሻው ያውቀዋል?» ብላ ጠላ ቀዳችልኝ። በሌሎቹም በሮች ከዚህ የተሻለ አልገጠመኝም። ሁሉም ያከብሩኛል፣ ሁሉም እሺ ይላሉ፤ ዓይናቸው ግን «አንዲት ትንሽዬ ክንፍ ምን ታደርገዋለች» ይላል።

የኔታ ሙከራዬን ሰምተው ሳቁ። «እኔ ልሞክር» አሉ። በሆሳዕና ዕለት ቅዳሴ ወጥቶ ሰዉ ዘንባባውን ከጣቱና ከግንባሩ አስሮ ከዛፉ ሥር ሲሰባሰብ፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው እንዲህ አሉ፤

«ስሙኝማ። ውሻዬን ሐኪም ስላዘዘው ከፋሲካም በኋላ ጾሙን ይቀጥላል። የሰጠው ሰው ጾም እንዳስገደፈ ይቁጠረው።»

ቃሉ ከባድ ነው። ጾም ማስገደፍ ቀልድ አይደለም። እኔ በልቤ ‘ተሳካ’ አልሁ። ያን ጊዜ ጠላ ሻጯ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ፊት ወጣች።

«የኔታ፣ ይፍቱኝና አንድ ነገር ልጠይቅዎት።»

«ጠይቂ።»

«በበዓለ ኀምሳ ጾም የለም፣ ስግደት የለም ብለው ያስተማሩን አንቱ አይደሉም እንዴ?»

«ነኝ።»

«አምና ልጄ ከፋሲካ በኋላ ረቡዕ ሥጋ አልነካም ብትል፣ ‘ጌታ ከተነሣ በኋላ ማዘን ምን የሚሉት ነው’ ብለው የተቆጧትስ?»

«እኔው ነኝ።»

«ታዲያ ውሻው በምን ሕግ ነው የሚጾመው?»

ሰዉ ሳቁን በነጠላው ሸፈነ። ቄሶቹም ፊታቸውን አዞሩ። የኔታ መቋሚያቸውን መሬት ላይ አንድ ጊዜ መታ አድርገው «በሕጉ ረታሽኝ» አሉ። በገዛ ትምህርታቸው መረታታቸው እንዲያውም ያስደሰታቸው ይመስለኛል። ቤት እስክንደርስ «ይዛዋለች፣ አጥብቃ ይዛዋለች» ሲሉ ነበር። እኔ ግን አልሳቅሁም። ፋሲካ ሳምንት ነው የቀረው።

ከቤታችን በር ላይ ጠላ ሻጯ ደረሰችብኝ። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነበር።

«ተቀየምሽኝ?»

«አልተቀየምሁም፤ ውሻው ይሞታል ብዬ ነው የምፈራው።»

«እኛ አጥንት መጣያ አጥተን ይመስልሻል? ሁለት ወር ከሽማግሌው ጋር የተራበ ፍጡር በፋሲካ ዕለት በሬ ላይ ቆሞ እያየኝ፣ እኔ ጠግቤ እሱን ባዶ አፉን ልመልሰው? እንኳን በትንሣኤ በሌላውም ቀን እንዲህ አይደረግ።»

እስከዚያ ያልገባኝ ነገር ያን ጊዜ ገባኝ። ሰዉ አጥንት መስጠት አይደለም የሚፈልገው፤ መስጠት ነው። አትስጡ ማለት ለእነሱ ‘በፋሲካ ንፈጉ’ ማለት ነው። እንግዲያው የሚሰጡት ነገር መገኘት አለበት።

በማግስቱ ሐኪሙ ዘንድ ሄድሁና ጥያቄውን ገልብጬ አቀረብሁለት፤ ምን ይከልከል ሳይሆን ምን ይፈቀድ። ሐኪሙ ብዕሩን አስቀምጦ አሰበ። ቅቅል እንቁላል ይቻላል አለኝ። ቅመምና አጥንት የሌለው ቅቅል ሥጋም፣ ካሮትም፣ ዱባም ይቻላል። ድንች ተልጦ ከተቀቀለ ጥሩ ነው፤ አረንጓዴ የሆነው ግን ይጣል። ገብስ ምንም አይለውም። ጨውና በርበሬ አይግባበት፤ ዘቢብ በጭራሽ።

«ዘቢብ ማን ለውሻ ይሰጣል?» አልሁት።

«አንቺ ጠይቀሽኝ ነው እንጂ።»

ስለ ጌሾም ጠየቅሁት፤ ውሻው ከጠላ ሻጯ ደጅ የአተላ ገንዳ ሲልስ አይቼዋለሁ። «ጌሾ ውሻ ላይ ምን እንደሚሠራ አላውቅም» አለኝ። «ካላወቅን ይቅርበት።» አላውቅም የሚል ባለሙያ ሳገኝ የቀረውን ንግግሩን ይበልጥ አምነዋለሁ።

የዘቢቡን ነገር ለየኔታ ስነግራቸው «ዘቢብ ለቅዳሴ ነው» አሉ። «እኔ ራሴ ከቁርባኑ ማንኪያ በላይ አግኝቼ አላውቅ፤ ለውሻ!»

ካሮቱን ለሥራ አንበሳሜ ከተማ ሄጄ ስመለስ ከገበያ ገዛሁ፤ ሊጡን ስለሚያላላው ግን ተውነው። ድንቹንና ገብሱን ከጉና የወረዱ ገበሬዎች አመጡ። ገብሱን ቆልተን አስፈጨን፤ ድንቹን ቀቅለን አፈረስነው፤ ሁለቱን አንድ ላይ አቦካን። የኔታ ሊጡን በመዳፋቸው እያድቦለቦሉ በጣታቸው ቆረጡት። ዓይናቸው ባያይም ፍሬው ሁሉ እኩል ነው፤ መቁጠሪያ የለመደ ጣት ነው። ከዚያ እንደ ዳቦ ቆሎ በደረቅ ምጣድ ላይ ቆላሁት። ዘይት የለው፣ ጨው የለው፣ በርበሬ የለው።

የመጀመሪያው እንደ ጠጠር ወጣ። ለውሻው አንድ ፍሬ ሰጠነው። በአክብሮት ተቀበለና ከአጥሩ ሥር ወስዶ ቀበረው።

«ምን አደረገው?» አሉ የኔታ።

«ቀበረው።»

«ፍትሐት ሳይደረግለት» አሉና በሳቅ ፈረሱ። የኔታ እንባቸው እስኪወርድ ሲስቁ ያየኋቸው ያን ጊዜ ነው።

ለሁለተኛው ድንቹን አበዛነው። ከላይ ሰበር የሚል፣ ከውስጥ ለስለስ ያለ ሆነ። ውሻው አንዱን በላ፤ ሁለተኛውን በላ፤ ከዚያ ምጣዱ ፊት ቁጭ ብሎ አልነሣም አለ። እኔም ቀመስሁት። ምንም ጣዕም የለውም፤ ግን ክፉ አይደለም።

ቅዳም ስዑር ማለዳ ካህናቱ ለምእመናን ቄጠማ ያድላሉ። በእኛ መንደር ዕድሜ ያከበራቸው የኔታ ናቸውና ቤት ለቤት የሚያድሉት እሳቸው ናቸው። በዚያ ዓመት ቄጠማውን እሳቸው ይዘው፣ እኔ ዳቦ ቆሎውን በሰፌድ ይዤ ከኋላ ተከተልሁ። ውሻው ከፊት ነው። በየበሩ የትንሣኤውን ዜማ ያሰማሉ፤ ቄጠማውን ይሰጣሉ፤ ሰዉ ከራሱ ላይ ያስራል። ከዚያ የኔታ ድምፃቸውን ቀየር አድርገው እንዲህ ይላሉ፤

«ቄጠማው የቤተ ክርስቲያን ነው። ይኸኛው የእኔ ነው። ነገ ውሻዬ ሲመጣ ከዚህ ጥቂት ሰጥታችሁ አስፈስኩልኝ። አጥንቱን ቅበሩት።»

እኔ አንድ አንድ እፍኝ እሰጣለሁ። ሰዉ ግራ ይጋባል፤ ይስቃል፤ ግን በሁለት እጁ ይቀበላል። ከየኔታ እጅ የመጣ ነገር ነዋ።

ጠላ ሻጯ አክፍሎት ላይ ነበረችና መቅመስ አልቻለችም፤ አሸተተችው።

«ገብስና ድንች?»

«ገብስና ድንች» አሉ የኔታ።

«ሲጾምበት የከረመው ይኸንኑ አይደለም? ታዲያ በምን ይለያል ፋሲካው?»

«እስካሁን ከእኔ እጅ ነው የበላው። ነገ ካንቺ እጅ ይበላል።»

ጥቂት አሰበችና እፍኙን ተቀብላ በሳህን ከመደርደሪያዋ ላይ አስቀመጠችው።

በፋሲካ ዕለት የኔታ ሌሊቱን ሙሉ ቆመው ስላደሩ ረፋዱ ላይ ተኝተው ነበር። ውሻው ብቻውን ዙሩን ጀመረ። እኔም ራቅ ብዬ ተከተልሁት፤ በኋላ ‘እንዲህ ሆነ አሉ’ ከማለት ማየት ይሻላል። በመጀመሪያው ቤት አንዲት ልጅ ከደጃፉ ወጥታ በመዳፏ አበላችው። በሁለተኛው ቤት ዳቦ ቆሎውን ድፎ ዳቦ በሚቀርብበት ሰፌድ አድርገው አቀረቡለት። ቀጥሎ ያለው ቤት ‘ከራሳችን ደግሞ’ ብለው የተቀቀለ ካሮት ጨመሩ፤ ውሻው ካሮቱን አሽትቶ በትሕትና አለፈው። በየደጃፉ ሰዉ «እንኳን አደረሰህ» ይለዋል። ጅራቱ አልቆመም።

ከዚያ ጠላ ቤቱ ደረሰ።

ቤቱ በእንግዳ ሞልቷል። ወንዶቹ ጠጥተዋል፤ በመሶቡ ዙሪያ የዶሮው አጥንት በሳህን ተከምሯል። ውሻው ደፉ ላይ ቁጭ አለ። ጠላ ሻጯ አየችውና ፊቷ በራ። «መጣ ጾመኛው» ብላ ወደ መደርደሪያው ሄደች፤ እጇን ዘረጋች፤ ባዶ ሳህን አወጣች።

«እዚህ የነበረውን ማን ነካው?»

አንዱ ጎልማሳ ጉሮሮውን ጠረገ። «ዳቦ ቆሎውን ነው? እሱንማ በጠላው በላነው።»

«ሁሉንም?»

«ጨው ጎድሎታል ብለን ነበር።»

«የውሻው ነበር እኮ!»

የተከተለው ሳቅ ጣሪያውን የሚያነሣ ነበር። «እኔም ማታ ጅብ ብሰማ እጮህልሻለሁ» አላት ሌላው። ያ ጎልማሳ ግን የምሩን አፍሯል፤ ጥፋቱን ሊክስ ፈለገ። ከሳህኑ የዶሮዋን ጭን አጥንት አነሣና «በቃ ይኸን ይውሰድ፣ በእኔ ነው» ብሎ ወደ ደጁ ሊወረውር እጁን ወደ ኋላ ሰበሰበ። ውሻው ተነሥቶ ቆመ።

እኔ አጥሩ ላይ ነኝ። በዚያ ሁካታ ብጮህም አይሰሙኝም።

ጠላ ሻጯ ከአጠገቧ ማማሰያ አንሥታ እጁን መታችው። አጥንቱ ከመሶቡ ላይ ወደቀ።

«አርፈህ ተቀመጥ። ልትገድለው ነው?»

«አጥንት እኮ ነው፤ ለውሻ።»

«ለዚህ ውሻ አይሆንም። ሽማግሌውን ባሕር ዳር ልታስኬድብን ነው?»

ከዚያ የራሷን ሳህን ሳበች። ለእንግዳ ስትል እስካሁን አልቀመሰችም፤ እንቁላሏ ወጡ ውስጥ እንዳለ ተቀምጧል። በፋሲካ ዶሮ እንቁላል ለሰው አንድ አንድ ነው፤ የደረሰውን ለሌላ የሚሰጥ ሰው አላውቅም። አነሣችው፤ በጣሳ ውሃ አጠበችው፤ ደግማ አጠበችው፤ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው። ያን ጊዜ ነው ቀና ብላ እኔን ያየችኝ።

«ነይ እስቲ» አለችኝ። «ሽንኩርቱ ለቋል?»

ተጠግቼ አየሁ። ነጭ ሆኗል።

«ለቋል» አልሁ።

በጣቷ ቆራርሳ በመዳፏ አበላችው። ውሻው በላ፤ መዳፏን ላሰ፤ ሌላ እንዳለ ለማወቅ እጅጌዋን አሸተተ። ወንዶቹ እንደ ሠርግ እልል አሉለት።

«በይ አንቺም አጥር ለአጥር አትዙሪ፤ ግቢና ፍሰኪ» አለችኝና አጠገቧ አስቀመጠችኝ። ከእንቁላል አልባው ሳህኗ አብረን በላን።

ሰኞ አልታመመም። ማክሰኞም አልታመመም። በሁለቱም ጠዋት የግቢው በር ጎህ ሳይቀድ ሲከፈት ሰምቻለሁ፤ የኔታና ውሻው ቤተ ክርስቲያን ሄደው ተመልሰዋል። ማክሰኞ ከሰዓት ልጃቸው ለእንኳን አደረሰዎ ደወለች። ሰላምታው እንዳለቀ የምትጠይቀውን አውቄ ከሥራዬ ቀና አልሁ።

«ውሻውስ?» አለች።

«ደህና ነው።»

«እውነት ደህና ነው? ፋሲካ ምን በላ?»

«አንቺ እኔን አታምኚኝም» አሉና ስልኩን ለእኔ አቀበሉኝ። የበላውን አንድ በአንድ ነገርኋት፤ ማን እንደሰጠው፣ እንዴት እንደታጠበ፣ ከዚያ ወዲህ እንዳላስመለሰው፣ አሁን የት እንደተኛ። ሳቋ ይሰማኛል፤ መሐል ላይ ሳቁ ቆመ፤ ከዚያ «እሺ» አለች። ስልኩን መለስሁላቸው።

«ልጄ» አሉ የኔታ፣ «አልጋውን እንግዳ ይተኛበት። ክፍሉን አከራዪው።»